ደራሲው፣ ገጸ ባሕርዩና ሕጉ

ልብ ወለድ ከሕይወት ይቀዳል። ደራሲ ገጸ ባሕርያቱን ከባዶ አየር አይፈጥራቸውም፤ በዙሪያው ካሉት ሰዎች መልክ፣ አነጋገርና ዕጣ እየቀነሰና እየጨመረ ያበጃቸዋል። የተቀዳው ሕይወት የሌላ ከያኒ ሕይወት ሲሆን ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የኪነት ነፃነት እስከ የት ይደርሳል? የሰው ክብርስ ከየት ይጀምራል? በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያስነሣው የኢሉባቦር ተወላጁ በዓሉ ግርማ ነው።

በዓሉ የተወለደው በሱጴ ነው። አባቱ ከሕንድ የመጡ ነጋዴ፣ እናቱ የአካባቢው ተወላጅ ነበሩ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድም የትውልድ ቀዬውን አልዘነጋም። በ1966 ዓ.ም. ያሳተመው «የኅሊና ደወል»፣ በኋላም በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ አስፋፍቶ ያቀረበው ልብ ወለድ የመምህሩን የሐዲስን ትግል በዚያው በኢሉባቦር ምድር ላይ ይተርካል። በመቱም ሆነ በጎሬ ለሚያስተምር ሰው ታሪኩ የሩቅ አይደለም።

በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» ታተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ከደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሕይወት የተቀዳ መሆኑ በአንባቢያን ዘንድ በሰፊው ይታወቃል። ስብሐት ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ ያረፈውም በ2004 ዓ.ም. ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ አድርጎ ስሙን አደጋ ላይ መጣልን ጥፋት ይለዋል። ለዚህም የመጉዳት ሐሳብ መኖሩ ግዴታ አይደለም። እንግዲህ ሰውየው ከታወቀ ስሙን መለወጥ ብቻውን ደራሲውን አያድነውም። በሌላ በኩል አንቀጽ 2046 ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየት የሚሰጠውን ሰው ይከላከልለታል። የሕይወት ታሪክ ራሱ የማንም ንብረት አይደለም፤ የከያኒው ድርሰት ግን ንብረት ነው። የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 የድርሰት መብትን በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ያስከብራል። ስለ ከያኒው መጻፍ አንድ ነገር፣ ጽሑፉን ገልብጦ ማተም ሌላ ነገር ነው።

በ1975 ዓ.ም. በዓሉ «ኦሮማይ»ን አወጣ። መነሻው በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነበር። ያሳተመው የመንግሥቱ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲሆን፣ አንባቢዎች በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የዘመኑን ባለሥልጣናት ለይተው አወቁ። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ስሜ ጠፋ የሚል ሰው ቢኖር የፍርድ ቤት ደጅ ክፍት ነበር፤ ሕጉም ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ከሳሽ ግን አልቀረበም፣ ችሎትም አልተሰየመም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፤ በአንቀጽ 24 ደግሞ የሰውን ክብርና መልካም ስም አስከብሯል። ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸው ትርጉም አለው። የተነካ ሰው አቤት የሚልበት ችሎት፣ ደራሲም መልስ የሚሰጥበት ቦታ ሊኖር ይገባል። የሱጴው ልጅ የተነፈገው ይህንኑ ነው።