የፀረ ቫይረስ የዓይን ጄል

የፀረ ቫይረስ የዓይን ጄል በሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ምክንያት የሚመጣን የዓይን ብሌን (ኮርኒያ) ቁስል ለማከም የሚያገለግል መድኃኒት ነው። በጄል መልክ የሚዘጋጀው 0.15 በመቶ ጋንሲክሎቪር ሲሆን፣ ለተመሳሳይ ሕመም 3 በመቶ አሲክሎቪር የዓይን ቅባትም ይታዘዛል። መድኃኒቱ የቀላን ዓይን ሁሉ አያድንም፤ በባክቴሪያ፣ በትራኮማ ወይም በአለርጂ ለሚመጣ ሕመም ጥቅም የለውም።

ሕመሙ

ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ብዙ ሰዎችን በልጅነታቸው የሚይዝ ቫይረስ ነው። በተለምዶ «ምች» የሚባለው የከንፈር ዙሪያ ቁስል ብዙ ጊዜ በዚሁ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ከሰውነት አይጠፋም፤ በፊት ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ ወይም የሰውነት መዳከም ሲያጋጥም እንደገና ሊነሣ ይችላል። ዓይንን ሲያጠቃ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይይዛል። ምልክቶቹ መቅላት፣ የመቆርቆር ስሜት፣ እንባ መብዛት፣ ብርሃን መፍራትና ብዥታ ናቸው። ቫይረሱ የብሌኑን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሕመሙ መቀነሱ ብቻውን የመዳን ምልክት አይደለም።

ሐኪሙ ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም በዓይን ላይ ጨምሮ በሰማያዊ ብርሃን ሲያይ፣ ቁስሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ይታያል። ካልታከመ ወይም ከተደጋገመ ብሌኑ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ እይታንም ይቀንሳል።

ከሌሎች የዓይን ሕመሞች ጋር መምታታት

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ አዊ ዞንን ጨምሮ በክልሉ ውስጥ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በስፋት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አያጠፋም። በሄርፐስ የታመመ ሰው ከቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን ሲቀባ ቢሰነብት ቁስሉ እየሰፋ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ የባሰው አደጋ ዴክሳሜታዞንና ሌሎች ስቴሮይዶች ያሉባቸው ጠብታዎች ናቸው። መቅላቱን ለጊዜው ስለሚያበርዱ ሕመሙ የዳነ ይመስላል፤ ሆኖም ያለ ፀረ ቫይረስ ሲወሰዱ ቫይረሱ በፍጥነት እንዲራባ ያደርጋሉ። የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመርም ብሌኑን ሊያቃጥልና ሌላ ልክፍት ሊያስከትል ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ከሰው ወደ ሰው በፍጥነት የሚዛመተው የዓይን መቅላት በአብዛኛው በአዴኖቫይረስ የሚመጣ ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ የሄርፐስ መድኃኒት አያስፈልገውም።

አሠራሩ

ጋንሲክሎቪርና አሲክሎቪር ሥራ የሚጀምሩት የቫይረሱ ኢንዛይም ሲያነቃቸው ነው። ከዚያም ቫይረሱ ዲ ኤን ኤውን እንዳያባዛ ያግዱታል። በዚህ ምክንያት በዋናነት በተለከፉ ሴሎች ላይ ይሠራሉ። ሆኖም በነርቭ ውስጥ የተደበቀውን ቫይረስ ማጥፋት አይችሉም። አሲክሎቪርን ካስገኘው ቡድን ጋር የሠራችው አሜሪካዊቷ ጌርትሩድ ኤሊዮን በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተጋርታለች። የጋንሲክሎቪር ጄል በአሜሪካ የተፈቀደው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

አጠቃቀም

የጋንሲክሎቪር ጄል የተለመደው መጠን ቁስሉ እስኪድን በቀን 5 ጊዜ (በነቁበት ሰዓት በየ3 ሰዓቱ ገደማ) አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ለ7 ቀን በቀን 3 ጊዜ አንድ ጠብታ ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ21 ቀን አይበልጥም።

1. እጅን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ መታጠብ።
2. ቀና ብሎ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች መሳብ፤ በተፈጠረው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ማድረግ።
3. የቱቦውን ጫፍ ዓይንም ሆነ ጣት እንዳይነካው መጠንቀቅ።
4. ዓይንን ለጥቂት ጊዜ ጨፍኖ መቆየት፤ አለማሸት።
5. ሌላ ጠብታ ከታዘዘ በቅድሚያ እሱን አድርጎ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ፤ ጄሉን በመጨረሻ ማድረግ።

ጄሉ እንደገባ ለጥቂት ደቂቃ ብዥታና ማቃጠል ሊሰማ ይችላል፤ ብዥታው እስኪጠፋ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል መንዳት አይገባም። በሕክምናው ወቅት የዓይን ሌንስ አይደረግም። አንዱን ቱቦ ለሁለት ሰው መጠቀም ክልክል ነው። ቁስሉ ሳይድን ሕመሙ ስለቀለለ ብቻ ማቋረጥም አይመከርም።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ሁኔታዎች

እይታ ከቀነሰ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ወይም በ7 ቀን ለውጥ ካልመጣ የዓይን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በአራስ ሕፃን ላይ የታየ እንደሆነ ለአንድ ቀንም መዘግየት የለበትም። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የሚነሣ ታካሚ ለከፍተኛ ምርመራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሊላክ ይችላል።

ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው ሐኪሙ አሲክሎቪር ክኒን ለረጅም ጊዜ ሊያዝ ይችላል። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 400 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ12 ወር መውሰድ ዳግም የመነሣቱን መጠን ከ32 በመቶ ወደ 19 በመቶ ቀንሷል። ጠባሳው እይታን ከጋረደ ቀሪው አማራጭ ከለጋሽ የተገኘ የዓይን ብሌን መተካት ነው። ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ስለሚቀር በተተካው ብሌን ላይም ሊነሣ ይችላል።