ቃና፣ «ጥቁር ፍቅር» እና የማታው ሰዓት ጠብ

በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ቃና ቴሌቪዥን በሳተላይት ብቅ ሲል ብዙ ሰው «ደግሞ አንድ ጣቢያ ተጨመረ» ብሎ ነው ያለፈው። ወራት አለፉና ኦመርና ኤሊፍ የሚባሉ የኢስታንቡል ሰዎች በየሳሎኑ በአማርኛ ሲጣሉና ሲታረቁ ማምሸት ያዙ። «ጥቁር ፍቅር» የሚታይበት ሰዓት ላይ እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው ራት ቢቀርብለትም ወሬ የሚያወራው አያገኝም። ብዙም ሳይቆይ የፊልምና የቴያትር ባለሙያዎች ተሰባስበው ጣቢያው የአገር ውስጡን ሥራ ሊያጠፋው ነው ሲሉ መግለጫ ሰጡ።

ያ ክርክር ዛሬ ሲነሣ «የባህል ወረራ» በሚለው ስሙ ብቻ ይታወሳል። ነገሩ ግን ከዚያ የሰፋ ነበር።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነው። ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ ሥዕሉ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተለወጠ። ባለቤቱ ግን ያው መንግሥት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ለግል ባለሀብት በር ከፍቷል፣ በወረቀት ላይ። የግል ቴሌቪዥን ፈቃድ ግን ለዓመታት ሲሰጥ አልታየም። ስለዚህ የቀረው መንገድ የሰማዩ ነው። ኢቢኤስ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ተነሥቶ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ቃናም በሳተላይት መጣ። ጣቢያው በወረቀት ውጭ አገር ነበር፤ ተመልካቹ፣ ሠራተኛውና ማስታወቂያ አስነጋሪው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ነበሩ።

ሕዝቡስ እስከዚያ ምን ያይ ነበር? ዲሽ የሰቀለ ቤት የዐረብ ጣቢያዎችን ያይ ነበር። ፊልሙ እንግሊዝኛ ወይም ሕንድኛ፣ ከሥሩ የተጻፈው ዐረብኛ፤ አንዱም ያልገባው ቤተሰብ ሥዕሉን እያየ ታሪኩን ለራሱ ይገምታል። ከዚያም በፊት አንድ ሰው ብቻውን ጀግናውንም፣ እናቱንም፣ ወንበዴውንም ሆኖ የሚተርክበት «ትርጉም ፊልም» ነበር። የወረራው ክስ እዚህ ላይ ይደክማል። የውጭው ታሪክ ቀድሞ ሳሎን ገብቶ ተቀምጧል። ቃና ያመጣው አማርኛውን ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው፤ «ድፍረት»ን የሠራው ዳይሬክተር። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ አገር ኮርቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በምረቃው ምሽት በፍርድ ቤት እግድ መታየቱ ቆመ። የአገር ውስጥ ፊልም ምን ያህል እንደሚያስለፋ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ የቱርክን ድራማ በአማርኛ ይዞ የመጣው። ተቃዋሚዎቹ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። እንደ ስሌት ማየትም ይቻል ነበር።

ከጀርባ የቆመው የውጭ አጋር ሞቢ ግሩፕ ነው፤ ሳድ ሞሴኒ የሚባል አፍጋናዊ ሥራ ፈጣሪ የሚመራው፣ የካቡሉ ቶሎ ቴሌቪዥን ባለቤት። ቶሎ ሕዝብ የሰበሰበው በዳሪ ቋንቋ በተሰማ የሕንድ ድራማ ጭምር ነው። በ2000 ዓ.ም. የአፍጋኒስታን መንግሥት እነዚያ ድራማዎች እንዲቆሙ ሲያዝ ያቀረበው ምክንያት ባህልና ሃይማኖት ነበር። ሞቢ በዓመቱ ከሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ጋር «ፋርሲ ዋን»ን ከፍቶ ለኢራን ሕዝብ በፋርስኛ ድምፅ የተሠራ ድራማ ላከ፤ ቴህራንም ተቆጣች። በ2008 ዓ.ም. ጥር፣ ቃና ሊጀምር ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ካቡል ላይ የጣቢያውን ሠራተኞች የጫነች ሚኒባስ በታሊባን አጥፍቶ ጠፊ ተመታች። ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ ውስጥ ለድራማ ድምፃቸውን የሚሰጡ ወጣቶች ይገኙበታል። አዲስ አበባ ላይ ጠቡ በመግለጫ መቅረቱ እንዲያውም ደግ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ፤ ባለሙያዎቹ እውነት የነበራቸው እዚህ ነው። በእኛ አገር ልማድ ድራማ ሠሪው ሥራውን ለጣቢያ አይሸጥም፤ የአየር ሰዓት ይገዛል። ካሜራ ተከራይቶ፣ ተዋናይ ከፍሎ፣ ለጣቢያውም ከፍሎ፣ ከዚያ የስፖንሰር ደብዳቤ ይዞ የቢራውንም የባንኩንም በር ያንኳኳል። ማስታወቂያ ካላገኘ ዕዳው የራሱ ነው። «ሰው ለሰው»ን የመሰለ ድራማ ሕዝብ በጉጉት ይጠብቀው የነበረ ቢሆንም በሳምንት አንዴ ይመጣ የነበረው አቅሙ ያ ስለነበረ ነው። «ጥቁር ፍቅር» ደግሞ ቱርክ ውስጥ በ54 ክፍል ተሠርቶ፣ ታይቶ፣ ወጪውን መልሶ የመጣ ዕቃ ነው። የቀረው ትርጉምና ድምፅ ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ ይታያል። በሳምንት አንዴ የሚመጣን እንግዳና በየማታው የሚመጣን ጎረቤት ማስታወቂያ አስነጋሪ እኩል አይከፍላቸውም።

ስለዚህ ፍርሃታቸው የምር ነበር፤ ጥያቄውን ግን ወደ ባህል ወሰዱት። «የአየር ሰዓት እየገዛን እንዴት እንወዳደር?» ብለው የራሳቸውን ጣቢያዎች ቢጠይቁ ይሻል ነበር። ያንን መጠየቅ ሥራቸውን የሚያሳየውን ጣቢያ ማስቀየም ነው፤ ቃናን መውቀስ ይቀላል።

ስለ አማርኛው አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍ። «የቃና አማርኛ» ተብሎ ተቀልዶበታል፤ ቃሉ ከከንፈር ጋር እንዲገጥም ሲባል የማንም ሰው አፍ የማይናገረው ዐረፍተ ነገር ይመጣ ነበርና። ግን ልብ በሉ፣ ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «አንተ»ና «እርስዎ»ን ይለያል፤ ታላቅ ወንድምን በስሙ ብቻ አይጠራም። ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም የሚጠፋው ክብርና ቁጣ ከቱርክኛ ሲመጣ ቦታ ያገኛል። ያ ሁሉ ቤተሰብ ታሪኩን «የእኛ ነገር ይመስላል» ያለው አማት ከምራት ስለተጣላች ብቻ አልነበረም። ድምፅ የሰጡት ወጣቶች ደግሞ ከዚያ በፊት በዚህ ስፋት ያልነበረ ሙያ አገኙ። አገር ድምፃቸውን ያውቃል፣ መልካቸውን ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠው እንኳ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ መንግሥት ለግል ጣቢያዎች ፈቃድ መስጠት ጀመረ፤ ጣቢያው በዛ፣ ማስታወቂያው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በ2013 ዓ.ም. ዲኤስቲቪ «አቦል» የተባለውን የአማርኛ ቻናል ከፍቶ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን ቀጥሮ «አደይ»ን የመሰሉ ተከታታይ ድራማዎች አሠራ። በ2008ቱ ክርክር የተመኙት ለሥራው የሚከፍል ጣቢያ መጣ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ወርሃዊ ክፍያ ለሚከፍል ተመልካች። በነፃው ሰማይ ላይ ያለው ድራማ ሠሪ ግን አሁንም የስፖንሰር ደብዳቤውን ይዞ ይዞራል።