ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ መንሸራተት፤ የማደስና የመለወጥ ታሪክ

ማናቸውም ዕቃ ሲበላሽ ባለቤቱ በሁለት መንገድ መካከል ይቆማል፤ ይኸውም አድሶ መያዝ ወይም አውጥቶ በሌላ መለወጥ ነው። ተርቦ ባለው አሮጌ አውቶሞቢል ላይ አውቶማቲኩ ካምቢዮ መንሸራተት ሲዠምር ይህ ጥያቄ እጅግ ይከብዳል፤ የካምቢዮው ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይስተካከላልና። ነገሩ መካኒክን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ዳሩ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሰን ብንመረምር ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በዚሁ መንታ መንገድ ላይ ደጋግመው እንደ ቆሙ እንረዳለን። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ያን ታሪክ በአጭሩ ገልጾ ለባለመኪናው የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በተራው ካምቢዮ ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘውም የሚለየውም ነጂው በእግሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን ነው። ይህን ሥራ ለዘይት የማስረከብ አሳብ የመነጨው ከመርከብ እንጂ ከአውቶሞቢል አልነበረም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፈቲንገር በ1905 ኃይልን በፈሳሽ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈጥሮ መብቱን አስመዘገበ፤ ዓላማውም ፈጥኖ የሚዞረውን የመርከብ ተርባይን ቀስ ብሎ ከሚዞረው መቅዘፊያ ጋር ማስማማት ነበር። እንግዲህ መንሸራተት ከመነሻው የዚህ መሣሪያ ጠባይ እንጂ ጉድለቱ አይደለም፤ አንዱ ጎማ ዘይቱን ሲገፋ ሌላው ጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ ይከተለዋልና። በሽታ የሚሆነው መንሸራተቱ ከተመደበለት ቦታ ወጥቶ ወደ ፍሪሲዮን ዲስኮቹና ወደ ባንዶቹ ሲዛመት ነው።

በአሜሪካ ኧርል ቶምሰን የመራው የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶች ቡድን ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ ሠራ። ይኸውም አራት የፊት ማርሾች ያሉት ሆኖ በ1939 መጨረሻ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል በ57 ዶላር ተጨማሪ ዋጋ ቀረበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤም 5 በተባለው ቀላል ታንክ ውስጥ ሁለት የካዲላክ ሞተሮች ከሁለት ሃይድራማቲኮች ጋር ገብተው ሠርተዋል፤ ከጦርነቱም በኋላ ይህ ለካምቢዮው ትልቅ ማስታወቂያ ሆነለት።

ኦገስት 12 ቀን 1953 ሚቺጋን ውስጥ በሊቮንያ የነበረው የሃይድራማቲክ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ካዲላክና ኦልድስሞቢል ሥራቸው እንዳይቆም የቢዩክን ዳይናፍሎ፣ ፖንቲያክም የሸቭሮሌትን ፓወርግላይድ ለጊዜው ወሰዱ። የሃይድራማቲክም ሥራ በጦርነቱ ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ይሠሩበት ወደነበረው ወደ ዊሎ ራን ፋብሪካ ተዛወረ። ከዚህ የምንማረው ካምቢዮን በሌላ ዓይነት መለወጥ የሚቻል መሆኑን ነው፤ ነገር ግን ያን ያደረጉት ሞተሩንም ካምቢዮውንም በሚገባ የሚያውቁ መሐንዲሶች እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ተርቦና አውቶማቲክ ካምቢዮ በተራ የመንገደኛ መኪና ላይ የተገናኙት በ1962 በኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነው። 3.5 ሊትር የሚሆነው የአሉሚኒየም ሞተሩ በተርቦ ኃይል 215 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ ተርቦ የሌለው ተራው ዓይነት ግን 155 ነበረው። ከሱ ጋር በምርጫ የሚቀርበው አውቶማቲክ ሮቶ ሃይድራማቲክ ነበር፤ ባለሦስት ማርሽ ሆኖ ዘይት የሚሠራበት ክፍሉ ትንሽ ነው። ማርሽ ሲቀየር ይህ ክፍል ባዶ ሆኖ ዳግመኛ መሞላት ስለነበረበት በመካከሉ ክፍተት፣ ከዚያም መንገጫገጭ ይሰማ ነበር። ተርቦውም በበኩሉ የተጣራ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ልዩ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ብዙ ባለመኪናዎች መሙላቱን ይዘነጉ ነበር።

የሁለቱ ዓመት ምርት በጠቅላላው 9,607 መኪና ሆኖ በ1963 አበቃ። በ1965 ኩባንያው ተርቦውን አንሥቶ በተራ ካርቡሬተር ለመለወጥ ለባለመኪናዎቹ አሳወቀ። ሮቶ ሃይድራማቲክም በ1964 መውጣት በዠመረው በቱርቦ ሃይድራማቲክ ተተካ። በዚህ ስም ውስጥ ያለው «ቱርቦ» በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ተርባይን የሚያመለክት እንጂ ከሞተሩ ተርቦ ጋር ግንኙነት የለውም።

ዘይቱም የራሱ ታሪክ አለው። ዲስኮቹ ሳይቃጠሉና ሳይንገጫገጩ እንዲይዙ ከስፐርም ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ለብዙ ዓመታት በካምቢዮ ዘይት ውስጥ ይጨመር ነበር። አሜሪካ ይህን እንስሳ በ1970 ሊጠፉ ከተቃረቡት ቍጥር ስላስገባችው ፋብሪካዎቹ ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ የተነሣ ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ራሱ የካምቢዮው አንድ አካል መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ታሪኩን ይዘን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለው፣ ዘይቱም ጠቍሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዲስኮቹ እየነደዱ ናቸው። የዲስክ የመያዝ ኃይል የሚገኘው ከዘይቱ ግፊት ነው። ተርቦ የሞተሩን ኃይል ሲጨምር ግፊቱ አብሮ ካልጨመረ ዲስኩ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ሙቀትን፣ ሙቀቱ ቃጠሎን ይወልዳል፤ የተቃጠለውም ብናኝ የዘይቱን መንገድ ዘግቶ ግፊቱን ይበልጥ ይቀንሰዋል።

ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል መሆን አለበት። በመዠመሪያ የዘይቱን መጠንና ዓይነት፣ ማፍሰሱን፣ ከነዳጅ መርገጫው ጋር የተያያዘውንም ሽቦ መመርመር፤ ቀጥሎም ግፊቱን በመለኪያ ማየት ይገባል። ጉድለቱ ከነዚህ በአንዱ ከሆነና ዲስኮቹ ካልነደዱ በጥቂት ገንዘብ ይድናል። ዲስኮቹ ከነደዱ ግን ዘይት መለወጥ አያድናቸውም፤ ካምቢዮውን ፈቶ ማደስ ወይም መለወጥ ግድ ነው። ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ የሚገጥም ሰው የሌላውን ሰው ድካም መግዛቱን ይወቅ። ከሁሉም በላይ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ሳይታጠብና የግፊቱ ጉድለት ሳይታረም የሚገጠም ካምቢዮ፣ አዲስም ቢሆን፣ የቀድሞውን ዕጣ ይቀበላል።

በአጭሩ፣ የጄትፋየር ታሪክ እንደሚያስረዳው ኩባንያውም እንኳ ችግሩን ያስወገደው ተርቦውን በማንሣትና ካምቢዮውን በሌላ ዓይነት በመተካት ነው። ተራው ባለመኪና ግን ይህን ያህል አቅም የለውም። ለእሱ የሚበጀው መለወጥን ወይም ማደስን ከመምረጡ በፊት «ምን ተበላሸ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ለምን ተበላሸ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ዕቃው ቢለወጥም ተመልሶ ይመጣልና።