የመሬት መንሸራተት አደጋን ቀድሞ መለየትና ከሁለተኛው ናዳ መዳን

ሀደሮ፦ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከምባታ ዞን ከሚገኘው ሀደሮ ጡንጦ አካባቢ አንስቶ እስከ ወላይታና ጎፋ ተራሮች ባለው የአገሪቱ ክፍል በርካታ አባወራዎች በተዳፋት መሬት ላይ ያርሳሉ፤ ከተዳፋት ሥርም ቤት ሠርተው ይኖራሉ። በእነዚህ አካባቢዎች የበልግና የክረምት ዝናብ ሲበረታ የመሬት መንሸራተት አደጋ የሚያሰጋ በመሆኑ፣ ምልክቶቹን ቀድሞ ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም የደረሰው አደጋ ከ220 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩት ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እነዚህን ወገኖች ለማውጣት ዶማና አካፋ ይዘው የተሰበሰቡ ነዋሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ሕይወታቸው ያለፈው ተከትሎ በወረደው ሁለተኛ ናዳ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ተመሳሳይ አደጋ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

አደጋው የሚፈጠረው የዝናብ ውኃ ወደ አፈሩ ሰርጎ ክብደቱን ሲጨምርና የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚያያዙበትን ጉልበት ሲያዳክም ነው። በተለይም ከጠንካራ አለት በላይ ያረፈ ሸክላማ አፈር ውኃ ሲጠግብ በአለቱ ላይ ይንሸራተታል። ውኃው ወደ ታች ለመስረግ ጊዜ ስለሚወስድ ናዳው ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊወርድ ይችላል። በመሆኑም የሰማዩ መጥራት ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዷማ ተራሮች በስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች ተመሳሳይ ፈተና ያጋጥማቸዋል። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ ከ1993 ጀምሮ የበረዶ ናዳን አደጋ በአምስት ደረጃ ከፍለው ለሕዝብ ያሳውቃሉ። አብዛኛው የበረዶ ናዳ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባጋደለ ተዳፋት ላይ የሚነሳ በመሆኑ፣ ተጓዦቹ የቦታውን ተዳፋትነት፣ በቅርቡ የወረደውን የበረዶ መጠንና በአቅራቢያው የታየ ናዳ መኖሩን አስቀድመው ያጣራሉ። አጠራጣሪውን ቦታ የሚያቋርጡትም አንድ በአንድ ሲሆን፣ የቀሩት አስተማማኝ ቦታ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። የአፈርና የበረዶ ናዳ ጠባይ ቢለያይም ይህ ሥርዓት ለእኛም ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በገጠር ቀበሌዎች ያለ መሣሪያ ሊታዩ የሚችሉ ምልክቶች አሉ። ከተዳፋቱ በላይ አዲስ ስንጥቅ መታየቱ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ዛፎች፣ አጥሮችና የመብራት ምሰሶዎች መዝመማቸው፣ የቤት ግድግዳ መሰንጠቁና በር አልዘጋ ማለቱ፣ እንዲሁም ውኃ በሌለበት ቦታ ምንጭ መፍለቁ ወይም የነበረው ምንጭ በድንገት መደፍረሱ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ዝናብ እየጣለ የወንዝ ውኃ በድንገት ከቀነሰ ከላይ በናዳ ተገድቦ ሊሆን ስለሚችል ከወንዙ ዳር በፍጥነት መራቅ ይገባል።

የስንጥቁን ሁኔታ ለማወቅ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተክሎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጧትና ማታ በገመድ መለካት ይቻላል። ርቀቱ እየሰፋ ከሄደ መሬቱ በእንቅስቃሴ ላይ ስለሆነ፣ ከስንጥቁ በታች ያሉ ቤተሰቦች ሌሊት ሳይደርስ ወደ አስተማማኝ ቦታ መዛወር አለባቸው።

ናዳ ከወረደ በኋላ በላዩ የሚቀረው ገደል ድጋፉን ያጣና ውኃ የጠገበ በመሆኑ እንደገና ሊናድ ይችላል። ስለዚህ ለነፍስ አድን ሥራ በቅድሚያ ገደሉን ከአስተማማኝ ቦታ ሆኖ የሚከታተል ሰው ማቆም፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅና የመሸሻ አቅጣጫ መወሰን፣ ወደ ናዳው የሚገቡትንም በቁጥር መወሰን ያስፈልጋል። ሽሽቱ ወደ ቁልቁለት ሳይሆን ከናዳው መስመር ወደ ጎን መሆን አለበት። ሕፃናትና ለቁፋሮው የማያስፈልጉ ሰዎች ከሥፍራው መራቅ ይኖርባቸዋል።

ለወገን መድረስ የኅብረተሰቡ ነባር ባህል እንደመሆኑ፣ አደጋ በደረሰበት ሰዓት ሰውን ከሥፍራው መከልከል ከባድ ነው። በመሆኑም እድሮችና የቀበሌ አስተዳደሮች ክረምት ከመግባቱ በፊት ጠባቂውን፣ ቆፋሪውንና ሕዝቡን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ሰው በስም ለይተው ሊመድቡ ይገባል።

በዘላቂነት ጎርፍን ከተዳፋት አናት የሚቀለብስ ቦይ መቆፈር፣ ሥር የሚሰዱ ዛፎችን መትከልና ለቤት መሥሪያ ተብሎ የተዳፋትን ግርጌ ከመቁረጥ መቆጠብ ስጋቱን ይቀንሳል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣቸው የዝናብ ትንበያዎች ለቀበሌዎች በወቅቱ ሲደርሱም፣ ከአካባቢው ምልክቶች ጋር ተገናዝበው ቤተሰቦችን ቀድሞ ለማዛወር ያስችላሉ።