የዘገየ መልስ ዋጋ፦ የካናዳ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማንና የደም መልስ ማስፋት ሕክምና

መግቢያ

ፈዋሽነቱ ያልተረጋገጠ ሕክምና በሕሙማን ዘንድ ትልቅ ተስፋ ሲያሳድር፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄደው ምርምር ምን ያህል ሊፈጥን ይገባዋል? ካናዳ ከ2009 እስከ 2017 ድረስ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ጥያቄ ክፉኛ ፈትኗታል። ሕሙማኑ በሕክምናው ላይ የጣሉት እምነት በማስረጃ ውድቅ ሆኗል፤ ምርምሩ ዘገየ ብለው ያሰሙት ቅሬታ ግን ተገቢ ነበር። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይኸው ነው።

የመላምቱ አነሣሥ

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያሉትን የነርቮች ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ዐይን ይፈዝዛል፣ እግር ይዝላል፣ ሚዛን ይጠፋል። ካናዳ በሽታው እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ናት። መድኃኒቶቹ ግርሻውን ይቀንሳሉ እንጂ አያድኑም፤ ሕመሙ ያለ ፋታ እየጠና ለሚሄድባቸው ሰዎች ደግሞ በወቅቱ የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ2009 በጣሊያን የፌራራ ዩኒቨርሲቲ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም የሆኑት ፓኦሎ ዛምቦኒ፣ በሽታው ከአንጎል ደም ከሚመልሱት የአንገትና የደረት ሥሮች መጥበብ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚገልጽ ጥናት አወጡ። ባለቤታቸውም የዚሁ በሽታ ታማሚ ነበሩ። የጠበበውን ደም መልስ በፊኛ በማስፋት 65 ሰዎች አክመው መሻሻል ማየታቸውን ጻፉ፤ ጥናቱ ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የካናዳው ሲቲቪ ቴሌቪዥን ጉዳዩን በዘጋቢ ፊልም ሲያቀርብ «የነጻነት ሕክምና» የሚለው ስም በየሕሙማኑ ቤት ገባ።

የመንግሥት መልስ

በኦገስት 2010 የካናዳ የጤና ምርምር ተቋማት ከአገሪቱ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ማኅበር ጋር ባለሙያዎችን ሰበሰቡ። ስብሰባው የሥር መጥበብና የበሽታው ዝምድና ሳይጣራ በሰው ላይ ሙከራ መጀመር ተገቢ አይደለም የሚል ምክር ሰጠ። ምክሩ ሳይንሳዊ መሠረት ነበረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከቤቱ መውጣት እንደሚያቅተው ለሚያውቅ ሰው ግን «መጀመሪያ እናጣራ» የሚለው ቃል ከእምቢታ አይለይም። የፌዴራሉ ጤና ሚኒስትር ሊዮና አግሉካክ ሙከራ እንደሚካሄድ ያስታወቁት በ2011 አጋማሽ ነው፤ ውጤቱ የተሰማው በማርች 2017። ከፊልሙ እስከ መልሱ ከሰባት ዓመት በላይ አለፈ።

በዚህ መሀል ሕክምናው አልቆመም። በሺዎች የሚገመቱ ካናዳውያን ከኪሳቸው እየከፈሉ ወደ ፖላንድ፣ ኮስታሪካ፣ ሕንድና ሜክሲኮ ሄዱ። በ2010 ኮስታሪካ የታከመ አንድ ካናዳዊ ከሕክምናው በኋላ በተከሰተ ችግር ሕይወቱ አለፈ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሜይ 2012 ሞትንና የአንጎል ምትን ጨምሮ የደረሱ ጉዳቶችን ዘርዝሮ አስጠነቀቀ። አልበርታና ኒውፋውንድላንድ ውጭ ታክመው የመጡትን መከታተል ቢጀምሩም ይህ የጥቂት ግዛቶች ጥረት ነበር። መንግሥት ሕዝቡን ካልተፈተነ ሕክምና ለመጠበቅ ሲል ዘገየ፤ ሕዝቡ ግን ያንኑ ሕክምና ቁጥጥሩ በላላበት ቦታ አገኘው።

ሙከራው ምን አሳየ?

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም አንቶኒ ትራቡልሲ የተመራው ሙከራ በአራት ከተሞች 104 ሰዎችን አሳተፈ። ተሳታፊው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ በኩል እስከ ጠበበው ቦታ ድረስ ይገባለታል። ከዚያ በኋላ ፊኛው የሚነፋው ዕጣ ለወጣለት ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ነገር ተመሳሳይ ሆኖ ሥሩ ሳይሰፋ ይቀራል። ታካሚውም ሆነ ለውጡን የሚመዝነው ሐኪም ለማን ምን እንደተደረገ አያውቁም። ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ በራሱ ጊዜ የሚጠናና የሚቀል በሽታ ስለሆነ፣ ከሕክምናው ማግሥት የመጣን ፋታ የፊኛው ሥራ ነው ብሎ ማመን ቀላል ነው። ከአንድ ዓመት ክትትል በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ከዚያ በፊት በ2013 በላንሴት መጽሔት የወጣ የዚሁ ቡድን ጥናት፣ የሥር መጥበብ በሕሙማኑ 74፣ በወንድምና እኅቶቻቸው 66፣ ዝምድና በሌላቸው ጤነኞች ደግሞ 70 በመቶ መታየቱን አሳይቶ ነበር። ዛምቦኒ ራሳቸው የመሩት የጣሊያን ሙከራም በ2017 ሕክምናው እንደማይሠራ ደመደመ። የገዛ መላምታቸውን ለፈተና አቅርበው ውጤቱን ሳይሸሽጉ ማሳተማቸው ሊመሰገን ይገባል።

ውይይት

ውጤቱ አሉታዊ ስለሆነ መዘግየቱ ትክክል ነበር የሚል ክርክር ይሰማል። ይህ ክርክር ውሃ አያነሳም። መልሱ «አይሠራም» ከነበረ ቶሎ መታወቁ ይበልጥ ይጠቅም ነበር፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጤናውንም ባተረፈ ነበር። የሥሮቹ ጥናትና የሕክምናው ሙከራ ጎን ለጎን ሊታቀዱ ይችሉ ነበር። ዝግጅቱ ጊዜ ቢወስድ እንኳ ውጭ ታክመው ለሚመለሱት ሁሉ አገር አቀፍ መዝገብ መክፈትና ክትትል ማድረግ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ነበር።

በአንጻሩ ፍጥነት ማለት የማነጻጸሪያ ቡድንን መዝለል አይደለም። ሕሙማኑ ሕክምናው ወዲያው ይፈቀድ ሲሉ ያቀረቡት ጥያቄ ቢሳካ ኖሮ የማይሠራ ነገር በሕዝብ ገንዘብ ሲሰጥ በኖረ ነበር።

ማጠቃለያ

የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ አካላት የሕሙማንን ቁጣ እንደ መረጃ ሊያዩት ይገባል፤ ነባሩ ሕክምና የት ላይ እንዳልደረሰላቸው ይጠቁማልና። ጥንቃቄ የሚሹ ጥያቄዎች የጊዜ ሰሌዳ ይቆረጥላቸው፤ ሰሌዳው ለሕሙማን ይገለጽ፤ ሲዘገይም ምክንያቱ በግልጽ ይነገራቸው። ከሳይንስ ሁልጊዜ «አዎ» የሚል መልስ አይጠበቅም፤ መልሱ በጊዜው እንዲደርስ መጠየቅ ግን የሕመምተኛ መብት ነው።