የከዚራ ጥላ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ወጪ ሲያበዛ እታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ሲቀይሱ በየመንገዱ ዳር ዛፍ ተከሉ። ለራሳቸው ብለው ይሆናል፤ የተጫወትንበት ግን እኛ ከወንዙ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ልጆች ነን። በግንቦት ሙቀት ደቻቱን የምናቋርጠው በሩጫ ነበር፤ ውሃ የሌለው ወንዝ፣ አሸዋው እግር ይልጣል። ዛፉ ሥር ስንደርስ ብይና ቆርኪ፣ እስኪመሽ ድረስ።

ማታ እናቴ ግቢው ላይ ውሃ ረጭታ ሰሌን ታነጥፍልናለች። ከዚያ ነጠላዋን ነክራ፣ ጨምቃ ታለብሰናለች። ሳይደርቅ እንቅልፍ እንዲወስደን እንሽቀዳደም ነበር። እኔ ዳር ስለምተኛ የሚደርሰኝ ጥለቱ ብቻ ነው፤ ታናሼ ይጎትተዋል።