ቀሪው የት ሄደ?

ለዛሬው ንግግራችን ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል። አዘጋጃችሁ? በሉ እንጀምር።

በማታ ትምህርት ካስተማርኳቸው ሰዎች አንዱ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አንድ ምሽት ደብተራቸውን ይዘው ቀረቡና፣ «መምህር፣ ያኔ ስድስቱ ብር የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ሃያ አራት ሆነው በጋራ ያመረቱትን እህል በ1,350 ብር ሸጡ። ሒሳቡን የያዘው ሰው፣ «ለያንዳንዳችሁ 56 ብር ይደርሳችኋል» አላቸው። እሳቸውም ተቀብለው፣ መርቀው ሄዱ። ማባዛት ከተማሩ በኋላ ግን 56ን በ24 ቢያባዙት 1,344 ሆነባቸው። 6 ብር ጎደለ።

ያ ሰው ሌባ ነበር አልልም። ምናልባት ማካፈሉን እዚያ ላይ አቁሞት ይሆናል። ነገር ግን ሒሳቡን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለነበረ ማንም ሊጠይቀው አልቻለም። የማካፈል ታሪክም የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። ስሌቱን የሚያየው ማን ነው?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ በግብፅ አገር አህምስ የሚባል ጸሐፊ ነበር። በጻፈው የሒሳብ ጥቅልል ውስጥ ዳቦን ለአሥር ሰዎች ማካፈል ይገኛል። ግብፃውያን የሚያካፍሉት በእጥፍ ነበር። የኛን ሒሳብ በነሱ መንገድ እንሥራው። 24ን እጥፍ፣ እጥፍ እያደረግን እንሂድ፦ 48፣ 96፣ 192፣ 384፣ 768። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የ24 ስምንት እጥፍ፣ አሥራ ስድስት እጥፍና ሠላሳ ሁለት እጥፍ ናቸው። ሦስቱን ስንደምር 1,344 ይሆናል። 8፣ 16 እና 32 ሲደመሩ ደግሞ 56። የተረፈው 6 የ24 ሩብ ነው። ስለዚህ ድርሻው 56 ከሩብ ይሆናል። አያችሁ? የጥንቱ ጸሐፊ ቀሪውን አልጣለውም።

ዛሬ የምንጠቀምባቸው አሥር ምልክቶች፣ ከ0 እስከ 9 ያሉት፣ ከሕንድ የመጡ ናቸው። የኛ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ 56ን ፶፮ ብሎ ይጽፋል። በሕንዱ አጻጻፍ ግን የቁጥሩ ዋጋ በቆመበት ቦታ ይወሰናል። ይህ አጻጻፍ በዐረቦች ዘንድ ሲስፋፋ ሰዎች አቧራ በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ በጣት ያሰሉ ነበር። አንዱን ቁጥር ይደመስሱና በቦታው ሌላ ይጽፋሉ። መልሱ ይቀራል፣ መንገዱ ይጠፋል። በ952 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በደማስቆ አል ኡቅሊዲሲ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ሳይደመስሱ በቀለምና በወረቀት የሚያሰሉበትን ዘዴ ጻፈ። ከአንድ በታች የሆነውንም በአሥር በአሥር እየከፈለ ያሰላ ነበር።

ደረጃ በደረጃ ወደ ታች እየወረደ የሚሠራው የኛ ረጅም ማካፈል በ1491 (እ.ኤ.አ.) በፍሎረንስ ከተማ በታተመው የፊሊፖ ካላንድሪ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዛሬዋ ቤልጅየም የተወለደው ሲሞን ስቴቪን ደግሞ በ1585 (እ.ኤ.አ.) ስለ አስርዮሽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈውም መሬት ለሚለኩ፣ ጨርቅ ለሚለኩና ለነጋዴዎች ጭምር ነበር።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። 1,350ን ለ24 እናካፍል። 24 በ135 ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል? 5 ጊዜ። አምስት ጊዜ 24፣ 120 ነው። ከ135 ላይ ስንቀንስ 15 ይቀራል። ዜሮውን እናውርድ፤ 150 ሆነ። በ150 ውስጥ 24፣ 6 ጊዜ ይገኛል፤ 144 ነው። ቀሪው 6።

ያ ሰው ያቆመው እዚህ ላይ ነው። እኛ ግን አናቆምም። ከ56 ቀጥሎ ነጥብ እናድርግ፤ ከ6 አጠገብም ዜሮ እንጨምር። 60 ሆነ። 2 ጊዜ፣ 48፤ ቀሪ 12። አሁንም ዜሮ፤ 120 ሆነ። 5 ጊዜ፣ 120፤ ቀሪ የለም። ድርሻው 56.25 ነው። ሃምሳ ስድስት ብር ከሃያ አምስት ሣንቲም! የጎደለው ለያንዳንዱ አንዳንድ ስሙኒ ነበር።

አካፋዩ ራሱ ነጥብ ቢኖረውስ? 9 ሜትር ጨርቅ አለ፤ ለአንድ ልብስ 1.5 ሜትር ያስፈልጋል እንበል። ሁለቱንም በ10 አባዙ፤ 90 ለ15 ይሆናል። መልሱ 6 ልብስ ነው።

እኒያ አዛውንት ስሙኒያቸውን አላገኙም። ከዚያ ወዲህ ግን ድርሻ ሲነገራቸው፣ «ስሌቱን አሳየኝ» ይላሉ። ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ስላለ ማንም ሊያየው ይችላል።

ለቤት ሥራ 945 ብር ለ12 ሰዎች አካፍሉ። መልሱን እኔ አልነግራችሁም። ያገኛችሁትን በ12 አባዙት፤ 945 ከመጣ ልክ ናችሁ። ደኅና ሁኑ።